ተማሪ ሙድል ላይ የጻፈው ኮሜንት መምህሩ ሳያየው ሲቀር

ጥያቄ፦ «በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የዲፓርትመንት አስተባባሪ ነኝ። አሳይመንት የምንቀበለው በሙድል (ኮርስና አሳይመንት በኦንላይን በሚያስተዳድረው ሲስተም) ነው። ተማሪዎች ካስገቡት ሥራ ሥር ኮሜንት ይጽፋሉ፤ ሁለት ሦስት ሳምንት መልስ ሳያገኙ ይቆያሉ። ተማሪው ቢሮ ድረስ መጥቶ ‹ጽፌ ነበር እኮ› ይላል፣ መምህሩ ደግሞ ‹ምንም አልደረሰኝም› ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ይመስለኛል። 7 መምህራንና 200 ያህል ተማሪዎች አሉን። ሶፍትዌር የምንገዛበት በጀት የለንም። መምህራኑን በምን ላግዛቸው?»

መልስ፦

አዎ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ተማሪ አሳይመንት ሲያስገባ ለመምህሩ መልእክት እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል፤ በአሳይመንቱ ማስተካከያ ገጽ «ኖቲፊኬሽንስ» ከሚለው ሥር አንድ ምርጫ መቀየር ይበቃል። ካስገባው ሥራ ሥር ኮሜንት ሲጽፍ ግን ሙድል በራሱ ለማንም ምንም አይልክም። መምህሩ ኮሜንት መኖሩን የሚያውቀው የማረሚያውን ሰንጠረዥ ከፍቶ፣ ወደ ቀኝ እየጎተተ «ሰብሚሽን ኮሜንትስ» የሚለው ዓምድ ላይ ሲደርስ ነው። እዚያም የሚጠብቀው በቅንፍ የተቀመጠ ቁጥር ነው። 3 ካለ ሦስት ኮሜንት አለ ማለት ነው። መቼ እንደተጻፉ፣ የመጨረሻውን ማን እንደጻፈው፣ ከዚህ በፊት ታይተው ይሁን አይሁን አይናገርም። 200 ተማሪ በ6 አሳይመንት ሲባዛ 1,200 እንዲህ ያለ ሳጥን ይሆናል። ይህን በዓይን መጠበቅ የሚችል ሰው የለም። «እባካችሁ ቶሎ ቶሎ እዩ» የሚል ማሳሰቢያ አንድ ሳምንት ይሠራ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደነበረበት ይመለሳል። የሚያግዛቸው ያልተመለሱ ኮሜንቶችን ለይቶ የሚያወጣ ዝርዝር (ሪፖርት) ነው።

ሌላ ነገር ከመጀመርዎ በፊት መምህራኑ መልሱን የሚጽፉት የት እንደሆነ ይጠይቋቸው። ሙድል ውስጥ የሚመሳሰሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። «ሰብሚሽን ኮሜንትስ» ተማሪና መምህር የሚጻጻፉበት ነው። «ፊድባክ ኮሜንትስ» ደግሞ መምህሩ ማርክ ሲሰጥ ብቻውን የሚሞላው ነው። ብዙ መምህር የተማሪውን ጥያቄ በአንደኛው ያነብና መልሱን በሁለተኛው ይጽፋል፤ እያረመ ያለው እዚያ ስለሆነ እጁ ወደዚያ ይሄዳል። በዚህ የተነሳ መልስ ያገኘ ጥያቄ ዝርዝር ላይ እንዳልተመለሰ ሆኖ ይቀራል። ይባስ ብሎ አሳይመንቱ ላይ «ማርኪንግ ወርክፍሎው» በርቶ ከሆነ፣ ውጤቱ እስኪለቀቅ ድረስ ተማሪው ፊድባኩን አያየውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ስምምነት፦ ጥያቄ በተጠየቀበት ሳጥን ይመለሳል። ይህ ሳይስተካከል የሚሠራ ሪፖርት ሁሉ የተሳሳተ ቁጥር ያወጣል፤ መምህሩም «መልሻለሁ እኮ» እያለ ሪፖርቱን ማመን ያቆማል። አንዴ ካላመነው ደግሞ ዳግም አይከፍተውም።

ቀጥሎ «ያልተመለሰ» ማለት ምን እንደሆነ መወሰን አለበት። የሚሠራው ትርጉም አጭር ነው፦ በአንድ ሥራ ሥር ካሉት ኮሜንቶች የመጨረሻውን የጻፈው ተማሪ ከሆነ፣ ኳሱ ያለው መምህሩ ሜዳ ላይ ነው። ስንት ኮሜንት አለ፣ መምህሩ ከዚህ በፊት ስንቴ መልሷል የሚለው ለዚህ ሥራ አይረባም። ተማሪ ጠይቆ፣ መምህር መልሶ፣ ተማሪው «ግን ሁለተኛው ክፍል አልገባኝም» ብሎ ከተወው፣ መምህሩ አንዴ ስለመለሰ ብቻ ከዝርዝሩ የሚያወጣ አሠራር ትልቁን ችግር ይደብቃል። የተማሪው እውነተኛ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ያለው ሁለተኛው ኮሜንት ላይ ነው።

ይህ ትርጉም በሁለት በኩል ይስታል፤ ሁለቱንም ከወዲሁ ማወቅ ይሻላል።

አንደኛ፣ ተማሪው «እሺ መምህር፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ሲዘጋ የመጨረሻው ቃል የእሱ ስለሆነ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። የምስጋና ቃላትን ለይቶ የሚያስወግድ ማጣሪያ መሥራት ያጓጓል፤ አይሞክሩት። አንዱ «አመሰግናለሁ» ሲል ሌላው «አመሠግናለሁ» ይላል፤ ሌላው በላቲን ፊደል «እሺ» ይላል፣ እሱንም በሦስት ዓይነት አጻጻፍ። በኮሜንቱ ርዝመት ማጣራትም አያዋጣም፤ «አልገባኝም» አንድ ቃል ነው፣ ከሁሉም አንገብጋቢ ሊሆን ግን ይችላል። አጫጭሮቹን መጣሉን ይተዉና ከዝርዝሩ ግርጌ አሰባስበው ያስቀምጧቸው። ሃያ አጭር ኮሜንት በዓይን ለማለፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው የከፋ ነው። መምህሩ «አይቼ እነግርሃለሁ» ብሎ ይጽፋል፤ ጥያቄው ከዝርዝሩ ይወጣል፣ መልሱም በዚያው ይቀራል። መፍትሔው መምህሩ ጊዜ መግዣ መልስ ሲሰጥ በአንድ የተወሰነ ቃል እንዲጀምር መስማማት ነው፤ ሪፖርቱም በዚያ ቃል የሚጀምረውን የመጨረሻ ኮሜንት እንዳልተመለሰ እንዲቆጥረው ማድረግ። ቃሉን ሲመርጡ ይጠንቀቁ። «በሂደት ላይ» ጥሩ ይመስላል፤ ግን አንዱ መምህር በሃሌታው «ሀ» ቤት፣ ሌላው በሐመሩ «ሐ» ቤት ይጽፈዋል፣ ለኮምፒውተሩ ደግሞ እነዚህ ፈጽሞ የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ይቆይ» ተመሳሳይ ድምፅ ያለው ሌላ ፊደል የማይገባበት ቃል ስለሆነ ይሻላል። «ይቆይ፤ እስከ ሐሙስ እመልሳለሁ» ብሎ መጻፍ ለተማሪውም ቀን ይሰጠዋል።

አሁን ዝርዝሩ ከየት ይመጣል ወደሚለው ልምጣ። ያለ በጀት ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያውን መምህሩ ራሱ ሊሠራው ይችላል፤ ሁለተኛው የሲስተሙን አድሚን ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ሙድል ውስጥ ከ2.8 ዕትም ጀምሮ ያለው «ኢቨንት ሞኒተሪንግ» ነው፤ የመረጡት ክስተት ሲፈጠር መልእክት ይልካል። መጀመሪያ አድሚኑ በጠቅላላው ሲስተም ላይ እንዲከፍተው ይጠይቁ፤ አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ዘግቶት ይገኛል። ከዚያ መምህሩ ኮርሱ ውስጥ ገብቶ «ሪፖርትስ» ከሚለው ሥር «ኢቨንት ሞኒተሪንግ ሩልስ» የሚለውን ይከፍትና አዲስ ደንብ ይጨምራል። ለደንቡ ስም ይሰጣል፤ የሚከታተለውን ክፍል «ሰብሚሽን ኮሜንትስ»፣ ክስተቱን «ኮሜንት ክሪኤትድ» ብሎ ይመርጣል፤ በምን ያህል ክስተት መልእክት እንደሚላክ ሲጠየቅ 1 በ1 ደቂቃ ብሎ ይሞላል። የመልእክቱ ጽሑፍ ውስጥ ቀጥታ ወደ ቦታው የሚወስደውን የሊንክ ምልክት ማስገባት አይርሳ፤ ካልሆነ «አንድ ነገር ተጽፏል» የሚል ደረቅ ማሳወቂያ ነው የሚደርሰው።

ብዙዎች እዚህ ላይ ጨረስን ብለው ይወጣሉ፤ ገና ነው። ደንቡን መሥራትና ለደንቡ መመዝገብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መምህሩ ተመልሶ ወደ «ኢቨንት ሞኒተሪንግ» ገብቶ ያንን ደንብ ራሱ «ሰብስክራይብ» ማድረግ አለበት። አንድን ኮርስ ሁለት መምህራን ከያዙት ሁለቱም ለየብቻ ይመዘገባሉ።

ከተመዘገበም በኋላ መልእክቱ ካልመጣ በዚህ ቅደም ተከተል ይመርምሩ። የመምህሩ ፕሮፋይል ላይ ያለው ኢሜይል የሚከፍተው ነው ወይ? ሲስተሙ ሲቋቋም በጅምላ የተሞላው የዩኒቨርሲቲው አድራሻ ሆኖ፣ መምህሩ ግን ጂሜይል ብቻ የሚያይ ከሆነ ነገሩ እዚያው አለቀ። ቀጥሎ የራሱ «ኖቲፊኬሽን ፕሪፈረንስ» ላይ ኢሜይል ወይም የሞባይል መተግበሪያው መብራቱን ይዩ። ሦስተኛ ስፓም ሳጥኑን ይዩ፤ የዩኒቨርሲቲው ሰርቨር በዶሜኑ ስም ኢሜይል እንዲልክ በትክክል ካልተፈቀደለት ጂሜይል መልእክቱን ወደዚያ ይወረውረዋል። የመጨረሻው አድሚኑን የሚመለከት ነው፦ ሙድል የጀርባ ሥራዎቹን የሚያከናውንበት «ክሮን» የሚባል ሥራ አለ፤ በየደቂቃው መሮጥ አለበት። ከቆመ ገጹ ሁሉ ደኅና እየሠራ፣ መልእክት ብቻ አይወጣም። በተለይ የመብራት መቆራረጥ ሰርቨሩን አጥፍቶ ካስነሳው በኋላ ክሮን አብሮ ሳይነሳ ቀርቶ ሳምንታት ያልፋሉ።

የዚህ መንገድ ድክመቱ መምህሩ ራሱ የጻፈውም ኮሜንት ክስተት ስለሆነ መልእክት ይልክበታል። ሃያ ተማሪ ሲመልስ ሃያ ማሳወቂያ ስለራሱ ይደርሰዋል። ከዚህም በላይ መልእክቱ የሚነግረው «አሁን ተጻፈ» የሚለውን ነው፤ «እስካሁን አልተመለሰም» የሚለውን አይነግርም። ታክሲ ውስጥ ስልኩ ላይ ያየው ማሳወቂያ ቢሮ ሲደርስ ከአእምሮው ወጥቷል። ለትንሽ ኮርስ ይበቃል፤ ለ7 መምህራንና ለ200 ተማሪ ግን ሁለተኛውን መንገድ ነው የምመክረው።

ሁለተኛው ከዳታቤዙ በየቀኑ የሚወጣ ሪፖርት ነው። «አድ-ሆክ ዳታቤዝ ኪዌሪስ» የሚባል በነፃ የሚገኝ ፕለጊን (ሙድል ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) አለ፤ አድሚኑ ይጭነዋል፣ አንድ ኪዌሪ (ከዳታቤዙ መረጃ የሚያወጣ ትእዛዝ) ይጽፍበታል፣ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት እንዲሮጥና ውጤቱን በኢሜይል እንዲልክ ያዘዋል። ሲስተሙ በ24 ሰዓት ስለሚቆጥር 7 ብሎ ከመረጠ ከጧቱ 1 ሰዓት ማለት ነው። ኪዌሪውን መጻፍ የአድሚኑ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የሚከተሉትን ካልነገሩት ስህተቱን ከአንድ ወር በኋላ ነው የሚያዩት።

ሙድል የኮሜንቶችን ሁሉ ሰንጠረዥ አንድ ቦታ ነው የሚያኖረው፤ የብሎጉም፣ የግሎሰሪውም፣ የአሳይመንቱም እዚያው ነው። ስለዚህ የአሳይመንት ሰብሚሽን ኮሜንቶችን ብቻ ለይቶ ይውሰድ። ከእነዚያ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰብሚሽን (ተማሪው ላስገባው ሥራ) ትልቁን መለያ ቁጥር የያዘውን፣ ማለትም የመጨረሻውን ኮሜንት፣ ይያዝ። ጸሐፊው በዚያ ኮርስ ውስጥ ያለውን ሚና ይመልከት። «በዚያ ኮርስ» የሚለው ይሰመርበት፤ አንድ ረዳት መምህር በአንድ ኮርስ ያስተምራል፣ በሌላ ኮርስ የማስተርስ ተማሪ ነው። ሚናውን በጠቅላላው ሲስተም ከፈለገ ሰውዬው ተማሪ ሆኖ የጠየቀው ጥያቄ የመምህር መልስ ተብሎ ይቆጠራል።

በግሩፕ የሚሠራ አሳይመንት ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የግሩፕ ሥራ ሲሆን ሙድል ሰብሚሽኑን በግሩፑ ስም መዝግቦ የተማሪውን ቁጥር ዜሮ ያደርገዋል። አድሚኑ የሰብሚሽኑን ሰንጠረዥ ከተማሪዎች ሰንጠረዥ ጋር በጥብቅ ካያያዘው፣ የግሩፕ ሥራዎች በሙሉ ከሪፖርቱ ውስጥ ድምፅ ሳያሰሙ ይጠፋሉ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ብዙ ጊዜ የሚሠራው በግሩፕ ስለሆነ የሚጠፉት ዋናዎቹ ጥያቄዎች ናቸው። የጠየቀውን ሰው ከኮሜንቱ ጸሐፊ ላይ ይውሰድ እንጂ ከሰብሚሽኑ ላይ አይውሰድ። ተማሪው እንደገና እንዲያስገባ አዲስ ሙከራ ሲከፈትለትም የድሮው ኮሜንት ከድሮው ሙከራ ጋር ይቀራል፤ መምህሩ አዲሱን ሲያርም ፊት ለፊቱ አያየውም። ሪፖርቱ የሙከራውን ቁጥር ቢያሳይ መምህሩ የት እንደሚፈልግ ያውቃል።

ዓምዶቹ ከስድስት ባይበልጡ ይመረጣል፦ ኮርስ፣ አሳይመንት (ከሙከራው ቁጥር ጋር)፣ የተማሪ መታወቂያ ቁጥር፣ የኮሜንቱ የመጀመሪያ 100 ፊደል፣ የጠበቀበት ቀን ብዛት፣ ወደ ቦታው የሚወስድ ሊንክ። ሊንክ የሌለው ዝርዝር ሥራውን በእጥፍ ያረዝመዋል። አደራደሩ ደግሞ በዕድሜ ብቻ አይሁን፤ የማስረከቢያ ቀኑ በ3 ቀን ውስጥ የሆነ አሳይመንት ላይ የተጠየቀው ጥያቄ ትናንት የተጻፈም ቢሆን ከላይ ይቀመጥ። ከዴድላይን በፊት የሚመጣ ጥያቄ ከዴድላይን በኋላ ቢመለስ ዋጋ የለውም።

አድሚኑ ይህን እስኪሠራ ድረስ አንድ ረዳት በሳምንት ሁለት ቀን የየአሳይመንቱን ሰንጠረዥ ከፍቶ፣ በቅንፍ ያለውን ቁጥር ካለፈው ጊዜ ጋር በኤክሴል እያስተያየ መሄድ ይችላል። ቁጥሩ የጨመረበትን ብቻ ይከፍታል። አሰልቺ ነው፣ ይሠራል።

ዝርዝሩ ከወጣ በኋላ ሁሉንም ለመምህሩ መወርወር አይገባም። በአንድ ጠዋት ዝርዝር ላይ እነዚህ አምስት ተገኙ እንበል።

«መምህር፣ ግሩፓችን 4 ነበር፤ አንዱ ዊዝድሮው አድርጓል። በ3 እንቀጥል ወይስ ሌላ ሰው ይጨመርልን?»

«ዴድላይኑ 6 ሰዓት የሚለው የቀን ነው የሌሊት?»

«ፋይሉን አልቀበል አለኝ፣ 24 ሜጋ ባይት ነው።»

«ጥያቄ 3 ላይ 4 ማርክ ተቀንሶብኛል፤ ፎርሙላው እኮ ትክክል ነው።»

«እሺ፣ ገብቶኛል መምህር።»

የመጨረሻው ይዘለላል። ሦስተኛው ለኢ-ለርኒንግ ክፍሉ ነው፤ የፋይል መጠን ገደቡ በአሳይመንቱ፣ በኮርሱና በሰርቨሩ ደረጃ ስለሚቀመጥ፣ መምህሩ የራሱን ከፍ ቢያደርገውም ሰርቨሩ ከፈቀደው አያልፍም። ተማሪው ዎርዱ ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች አሳንሶ ፒዲኤፍ እንዲያደርገው መንገር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ይህን ረዳቱም ሊመልሰው ይችላል። አንደኛው የመምህሩን ውሳኔ ይፈልጋል፤ ሆኖም አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ዛሬውኑ መመለስ አለበት፣ ምክንያቱም ሦስት ልጆች ሥራ አቁመው እየጠበቁ ነው። አራተኛው የማርክ ቅሬታ ነው። እሱን ከመምህሩ በቀር ማንም አይነካውም። ረዳት «አይቼዋለሁ፣ ትክክል ነህ» ብሎ ከመለሰ በኋላ መምህሩ ሌላ ቢል፣ ጉዳዩ የዲፓርትመንት ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያርፈው።

ሁለተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ የሚበላው እንዲህ ያለው ነው። ሙድል አዲስ አሳይመንት ሲከፈት የማስረከቢያ ሰዓቱን በራሱ 00:00 ያደርገዋል። 00:00 የዚያ ቀን መጀመሪያ ነው። መምህሩ «ሐሙስ» ብሎ ሲያስብ ሲስተሙ ረቡዕ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ጊዜው አበቃ ብሎ ይቆጥራል። ተማሪው ሐሙስ ከሰዓት ሊያስገባ ሲመጣ «ዘግይቷል» ይለዋል፤ ኮሜንት ይጽፋል፤ ጓደኛውም ይጽፋል፤ ክፍሉ በሙሉ ይጽፋል። ሰዓቱን 23:59 አድርገው፣ በመመሪያው ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ በእኛው አቆጣጠር ይግለጹት፦ «ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን 2018 (ኖቬምበር 20፣ 2025)፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ59፤ ሲስተሙ ላይ 23:59 ተብሎ ይታያል»። ከዚህ ጋር የፋይሉን ዓይነትና የመጠን ጣሪያ፣ የግሩፕ አባላትን ቁጥር፣ አንድ ሰው ከግሩፕ ቢወጣ ምን እንደሚደረግ፣ ዘግይቶ ለገባ ምን ያህል እንደሚቀነስ ይጨምሩ። አምስት መስመር ነው። አንድ ዓይነት ጥያቄ ከሦስት ተማሪ ከመጣ፣ ሦስቱን በየተራ ከመመለስ መመሪያውን አስተካክሎ፣ በማስታወቂያ ለሁሉም አሳውቆ፣ ለሦስቱ «መመሪያው ላይ ተጨምሯል፣ ተመልከቱት» ማለት ይሻላል።

ለመምህሩ ጊዜ በሳምንት ሁለት ቋሚ ሰዓት ያስይዙለት፤ ለምሳሌ ሰኞና ሐሙስ ከክፍል በኋላ 30 ደቂቃ። ሂሳቡ ይህን ይመስላል፦ 60 ተማሪ ካለበት ሴክሽን በአንድ አሳይመንት 10 ኮሜንት ቢመጣና ለአንዱ 3 ደቂቃ ቢፈጅ 30 ደቂቃ ነው። ሥራው ብዙ አይደለም፤ የሚያስፈራው ተጠራቅሞ 80 ሲሆን ነው። የጊዜ ገደቡንም ለተማሪው በግልጽ ይንገሩት፦ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ፤ ዴድላይኑ 3 ቀን ከቀረው በ1 ቀን ውስጥ። ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት አይቆጠሩም። ተማሪ መቼ እንደሚመለስለት ካወቀ ያንኑ ጥያቄ በሦስት ቦታ አይጽፍም።

ሦስቱ ቦታዎች ሲባል፣ አንደኛው ቴሌግራም መሆኑን ያውቁታል። ተማሪው ሙድል ላይ ካልተመለሰለት የመምህሩን ቴሌግራም ያንኳኳል፣ እዚያም ካጣ በክፍሉ ተጠሪ በኩል ያስጠይቃል። ቴሌግራምን መከልከል አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ድንበር ግን ይፈልጋል፦ ማርክንና የአንድን ተማሪ ሥራ የሚመለከት ሙድል ላይ፣ ሁሉንም የሚመለከት በኮርሱ ግሩፕ። መምህሩ በግሉ የተላከለትን ጥያቄ ከፍቶ አንብቦ መመለስ ካልቻለ፣ ንግግሩን ተጭኖ ይዞ «ያልተነበበ» ብሎ መልሶ ምልክት ያድርግበት። ቴሌግራም ላይ ጥያቄ የሚጠፋው በአብዛኛው በዚህ ነው፤ መልእክቱ ተከፍቷል፣ የአዲስ መልእክት ቁጥሩ ጠፍቷል፣ ከሥሩ ሌላ ሃያ መልእክት ገብቷል። ግሩፑ ውስጥ ደግሞ «ቶፒክስ» የሚለውን ከፍቶ ለእያንዳንዱ አሳይመንት አንድ ርዕስ ቢሰጠው፣ የተመለሰው ከሰላምታውና ከሚም መሀል አይቀበርም።

ከዲፓርትመንቱ ውስጥ ጉግል ክላስሩም የሚጠቀም መምህር ካለ የዳታቤዙ መንገድ ለእሱ አይሠራም። ክላስሩም የግል ኮሜንቶችን ለውጭ ፕሮግራም አያወጣም፣ ያልተመለሱትን የሚያሳይ ገጽም የለውም። ያለው አማራጭ ኢሜይሉ ነው፦ የክላስሩም ማስተካከያ ላይ የግል ኮሜንት ማሳወቂያውን አብርቶ፣ ጂሜይል ላይ እነዚህን መልእክቶች ወደ አንድ ሌብል የሚያስገባ ፊልተር መሥራት፤ መልሶ ሲጨርስ ብቻ አርካይቭ ማድረግ። መልሱን እዚያው ክላስሩም ውስጥ ገብቶ ይጻፍ፤ ኢሜይሉን «ሪፕላይ» ቢለው ለማንም አይደርስም።

ሲጀምሩ ውዝፉ ያስደነግጥዎታል። ሪፖርቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሮጥ የሁለት ሴሚስተር ኮሜንት ይዞ ነው የሚመጣው። መምህራኑ ይህን ሁሉ እንዲመልሱ አይጠይቁ፤ በመጀመሪያው ቀን ያባርራቸዋል። ባለቀ ሴሚስተር የተጻፈውን በሙሉ ከሪፖርቱ ያውጡ፤ ከእሱ ውስጥ የማርክ ቅሬታ የሆኑትን ብቻ ለይተው ለየመምህሩ ይስጡ። በዚህ ሴሚስተር ከ14 ቀን በላይ የቆየውን ደግሞ አንድ ማስታወቂያ ያውጡበት፦ «ከዚህ ቀን በፊት ጽፎ መልስ ያላገኘ፣ ጥያቄው አሁንም ያለ ተማሪ በድጋሚ እዚያው ይጻፍ»። አብዛኛው ጥያቄ ጊዜው አልፎበታል። በድጋሚ የሚመጣው መልሱ አሁንም የሚጠበቅ ነው።

ዝርዝሩን ለመምህራኑ ሲያደርሱ ለእያንዳንዱ የራሱን ብቻ ቆርጠው በግል ይላኩለት። 7 ሰው ስለሆኑ በየጠዋቱ 10 ደቂቃ ይበቃዎታል። የሁሉንም ስም ከቁጥር ጋር በዲፓርትመንቱ ግሩፕ ላይ መለጠፍ ግን ሥራውን ያበላሸዋል፤ በማግሥቱ ሁሉም ኮሜንት ሥር «ይቆይ» ተጽፎ ያገኙታል፣ ወይም «ታይቷል»። ለኃላፊው የሚሄደው ከ5 የሥራ ቀን በላይ የቆየው ብቻ ይሁን፣ እሱም መጀመሪያ መምህሩን አነጋግረው። ታሞ፣ መስክ ወጥቶ ወይም ፈተና ላይ ተመድቦ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ኮርሱን አብሮት የሚይዝ ሰው መመደብ ነው የሚያዋጣው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሥራው መሻሻሉን ለማየት የኮሜንቶቹን ብዛት አይመልከቱ። መልስ ሲገኝ ተማሪዎች የበለጠ ይጽፋሉ፣ ስለዚህ ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል። የሚያዩት የአሮጌውን ዕድሜ ነው፦ ዛሬ ዝርዝሩ ላይ ካሉት ከሁሉም አሮጌው ጥያቄ ስንት ቀን ሆኖታል? ከ20 ወደ 4 ከወረደ ይሠራል ማለት ነው። የአንዱ መምህር ብቻ የማይወርድ ከሆነ ሴክሽኖቹን ቆጥረው ይዩ፤ ብዙውን ጊዜ ከሌሎቹ የበዛ ሆኖ ያገኙታል።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ አድሚኑ የኮርሱን ገጽ ከመደበቁ በፊት ሪፖርቱን አንዴ አስሮጠው የቀረውን ያስጨርሱ፤ ገጹ ከተደበቀ በኋላ የተጻፈ መልስ ተማሪው ጋ አይደርስም።